እበት፣ ኩበት፣ ፍግ፦ የቤተሰብ ውሳኔና የአካባቢ ጥበቃ በአርሲ ደጋ

(ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአሰላ ከተማ ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ንግግሬ አንድ ቤተሰብ በዕለት ተዕለት ኑሮው አካባቢውን እንዴት ሊጠብቅ እንደሚችል የሚመለከት ነው። ርእሱ አዲስ አይደለም። በትምህርት ቤት ክበባት፣ በሬዲዮና በበራሪ ጽሑፎች ብዙ ምክር ሰምተናል፤ የማያስፈልግ መብራት አጥፉ፣ በመኪና ፈንታ በእግር ሂዱ፣ የቤት ማሞቂያ ቀንሱ የሚሉ ምክሮች ናቸው። ስሕተት የለባቸውም። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የተጻፉት መኪና፣ ማሞቂያና ትልቅ ማቀዝቀዣ ላለው ቤት ነው። በሌሙ ወይም በሳጉሬ አካባቢ በደጋው ላይ የሚኖር ገበሬ ቤት ሲገቡ ግን የሚቀነስ መኪናም ማሞቂያም የለም። ታዲያ ያ ቤተሰብ ከአካባቢ ጥበቃ ነጻ ነው ማለት ነው? ወይስ እኛ ጥያቄውን በተሳሳተ ክፍል ውስጥ ስንጠይቀው ኖረናል?

እኔ የምለው ሁለተኛውን ነው። በአገራችን ከሚውለው ኃይል ዘጠና በመቶ ገደማ የሚሆነው ከእንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከአገዳ የሚገኝ ነው፤ የሚበዛው ደግሞ የሚነደው በቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ በአርሲ ደጋ የአካባቢ ጥበቃ ትልቁ ውሳኔ የሚሰጠው በማድቤትና በበረት መካከል ባለችው ጥቂት እርምጃ ላይ ነው። ንግግሬ ይህችን ርቀት የሚከተል ነው።

አንድ ቁስ፣ ሦስት ስም

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ እጅግ ጠንቃቃ ቋንቋ ነው። ከብት የጣለው እርጥቡ ነገር እበት ይባላል። ተጠፍጥፎ በፀሐይ ሲደርቅ ኩበት ይሆናል። ተከምሮ፣ በስብሶ ለማሳ ሲደርስ ደግሞ ፍግ ይባላል። ቁሱ አንድ ነው፤ ስሙን የሚለውጠው የቤተሰቡ ውሳኔ ነው። በጠዋት በረት የሚጠርግ ሰው ያንን እበት ወደ ግድግዳው ከወሰደው ኩበት፣ ወደ ጉድጓዱ ከወሰደው ፍግ ይሆናል። አንዱ መንገድ በጭስ ማውጫ በኩል ወደ ሰማይ፣ ሌላው ወደ ገብሱና ወደ ስንዴው ሥር ያደርሳል።

ኩበት ሲነድ ምን እንደሚጠፋና ምን እንደሚተርፍ መለየት ያስፈልጋል። ናይትሮጅኑ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ አየር ይሄዳል። ካርቦኑም እንዲሁ፤ አፈርን የሚያያይዘው፣ ውሃ እንዲይዝ የሚያደርገውና ለአፈር ውስጥ ነፍሳት ምግብ የሚሆነው ብስባሽ ከእርሱ ጋር ይጠፋል። ፎስፈረሱ፣ ፖታሲየሙና ካልሲየሙ ግን አብዛኛው በአመዱ ውስጥ ይቀራል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሒሳቡን እንሥራ

ነገሩን በቁጥር እንየው። አራት የቀንድ ከብት ያለው አንድ ቤተሰብ በምሳሌነት እንውሰድ። አንድ ያገር ከብት በቀን 10 ኪሎ ገደማ እርጥብ እበት ይጥላል እንበል። ከዚህ አራት አምስተኛው ውሃ ነው፤ የሚቀረው ደረቅ ቁስ 2 ኪሎ ነው። የአራቱ ከብቶች በቀን 8 ኪሎ፣ በዓመት 2,920 ኪሎ ይሆናል። ግማሹ በግጦሽ ቦታ ቢቀር እንኳ በረት ውስጥ የሚሰበሰበው 1,460 ኪሎ ነው። በደረቅ እበት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከክብደቱ 1.5 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ 22 ኪሎ ናይትሮጅን እናገኛለን። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ ስለዚህ 22 ኪሎው ከ48 ኪሎ ዩሪያ ጋር ይስተካከላል።

በሌላ አነጋገር፣ የበረቱን እበት ሁሉ በኩበትነት የሚያነድ ቤተሰብ በዓመት 50 ኪሎ የሚይዝ አንድ ጆንያ ዩሪያ ያህል ያቃጥላል። ኢትዮጵያ ዩሪያውንም ሆነ ኤን.ፒ.ኤስ የሚባለውን ማዳበሪያ የምታገኘው በውጭ ምንዛሪ ገዝታ ነው። ያው ቤተሰብ በሰኔ ተበድሮ ማዳበሪያ ይገዛል፤ በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ማዳበሪያውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ያደርቃል።

ሒሳቡን ግን ከሚገባው በላይ ማስኬድ አይገባም። በፍግ ውስጥ ያለ ናይትሮጅን እንደ ዩሪያ ወዲያው ለሰብል አይደርስም፤ ቀስ በቀስ በሁለትና በሦስት ዓመት ይለቀቃል። በአያያዝ ጉድለትም ከፊሉ ይባክናል። ስለዚህ ፍግ ያለው ገበሬ ዩሪያ አያስፈልገውም ብዬ አልሰብክም። የምለው፣ ፍግ የገባበት መሬት የተጨመረለትን ዩሪያ በተሻለ ይጠቀማል፤ ብስባሹ ያለቀበት መሬት ግን ማዳበሪያ በጨመሩለት ቁጥር ምላሹ እየቀነሰ ይሄዳል ነው።

ለምን ይነዳል?

በዚህ ቦታ ላይ «ገበሬው ስለማያውቅ ነው» የሚል መልስ በተደጋጋሚ ይሰማል። ይህን መልስ አልቀበልም። የደጋ ገበሬ የፍግን ጥቅም ከእኛ በፊት ያውቃል፤ በቤቱ ዙሪያ ያለችውን ጓሮ እዩ፤ ጎመኑና ድንቹ የሚለመልመው አመድና ፍግ ስለሚደርሰው ነው። ኩበት የሚነደው ከዕውቀት ማነስ ሳይሆን ከማገዶ እጥረት ነው።

ኩበት እንደ ማገዶ የራሱ መልካም ጎን አለው። እሳቱ ረጋ ያለና የሚቆይ ነው፤ ለምጣድ ይስማማል፤ በሐምሌና በነሐሴ ብርድም ቤቱን ያሞቃል። ዋጋውም እጅ በእጅ አይከፈልም። ለአሰላና ለሌሎች ከተሞች ገበያ በማቅረብ ገቢ የሚያገኙበት ቤተሰቦችም አሉ።

እጥረቱ ግን እንዴት መጣ? የአርሲ ኦሮሞ ኑሮ በቀድሞው ዘመን በዋናነት በከብት ርቢ ላይ የተመሠረተ ነበር። እርሻው በ20ኛው ክፍለ ዘመን እየተስፋፋ መጣ። በመስከረም 1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት፣ በተለምዶ «ካዱ» የምንለው፣ የተሻሻለ ስንዴ፣ ማዳበሪያና የወተት ላም ወደ ገበሬው አደረሰ፤ የዛሬው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከልም የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። በዚያው ወቅት ትራክተር ሲመጣ ብዙ ጭሰኛ ከመሬቱ ተነቅሏል። አርሲ የስንዴና የገብስ አገር ሆነች። ነገር ግን ማሳው የሰፋው ግጦሹንና ደኑን እየበላ ነበር። ከብቱ ሳይጠፋ ዛፉ ሲርቅ፣ ለእሳት የቀረበው እበት ሆነ።

ይህን ሂደት እ.ኤ.አ. በ1984 የዓለም ባንክ ባለሙያ የነበረው ኬኔት ኒውኮምብ በኢትዮጵያ ላይ ባወጣው ጥናት በደረጃ ከፋፍሎ አሳይቶታል። መጀመሪያ እንጨት ከሚያድገው በላይ ይቆረጣል፤ ቀጥሎ እበትና አገዳ የእንጨትን ቦታ ይይዛሉ፤ ከዚያ ኩበት የገበያ ዕቃ ሆኖ ከገጠር ወደ ከተማ ይጓዛል፤ በመጨረሻም አፈሩ ስለደኸየ ሰብሉም፣ ከብቱም፣ እበቱም ይቀንሳል። ጥናቱ ከወጣ አራት ዐሥርት ዓመታት ቢያልፉም ደረጃዎቹን በእግራችን ተጉዘን ልናያቸው እንችላለን። ከአሰላ ተነሥታችሁ ወደ ጭላሎ ስትወጡ ከ2,400 ሜትር ገደማ እስከ 4,000 ሜትር በላይ ትደርሳላችሁ። በላይኛው ክፍል አስታው ለማገዶ ተቆርጦ የሳሳበትን ቦታ ታያላችሁ። ያ ቁጥቋጦ ከአገራችን በስተቀር የትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን መጠለያ ነው።

ስለዚህ «ኩበት አታንዱ» ብሎ መስበክ «ሳትጋግሩ ብሉ» እንደ ማለት ነው። መጀመሪያ የማገዶውን ፍላጎት መቀነስ፣ ቀጥሎ ሌላ ማገዶ ማቅረብ፣ ከዚያም እበቱን ወደ ማሳ መመለስ ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ምክሩ ሁሉ ይወድቃል።

አንደኛ፦ ምድጃው

በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው ማገዶ ወደ ዕቃው የሚደርሰው ሙቀት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ግድግዳውንና ጣሪያውን ያሞቃል። ከቤት ማገዶ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደግሞ እንጀራ መጋገር ነው፤ ከግማሽ በላይ እንደሚሆን ይገመታል።

ለዚህ መልስ ለመፈለግ የተሠራው «ምርጥ» ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር በቅርጽ የሚወጣ ነው። እሳቱን ከምጣዱ ሥር አጥሮ ይይዛል፤ ወደ ኋላ የሚወጣውም ትኩስ ጭስ ድስት እንዲያሞቅ ያደርጋል። በሙከራ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ከሰል ለሚጠቀም ቤት ደግሞ «ላቀች» ምድጃ አለ፤ ቁጠባው ሩብ ያህል ነው። በቤት ውስጥ የሚገኘው ቁጠባ ከሙከራው ዝቅ ሊል ይችላል፤ በሩ ተሰብሮ፣ ምጣዱ ሳይገጥም፣ ማገዶው ተጠቅጥቆ ከነደደ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ወደ ምሳሌያችን ቤተሰብ እንመለስ። የዓመት ማገዶው በጠቅላላው 3 ቶን ነው፤ ግማሹ፣ ማለትም 1,500 ኪሎው፣ ለእንጀራ ይውላል እንበል። ምድጃው ግማሹን ቢቆጥብ 750 ኪሎ ይተርፋል። ኩበት ከደረቅ እንጨት ትንሽ ያነሰ ሙቀት ስላለው፣ 750 ኪሎ እንጨት የሚተካው ኩበት ከዚያ ከፍ ያለ ነው። ይህም ከ1,460 ኪሎው ኩበት ከግማሽ በላይ ማለት ነው። አንድ ችግኝ ሳይተከል፣ አንድ ምድጃ ብቻ ግማሹን እበት ወደ ማሳ ለመመለስ ቦታ ይከፍታል።

በዚህ ላይ ወጪ የሌላቸው ልማዶች አሉ። እርጥብ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውሃ ማትነን አለበት፤ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ጭሱ ይበዛል። ማገዶን ቀደም ብሎ ፈልጦ ከዝናብ በተከለለ ቦታ ማድረቅ፣ እንጀራን በየቀኑ ከመጋገር በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ አብዝቶ መጋገር፣ ባቄላና አተር ከመቀቀሉ በፊት አሳድሮ መዘፍዘፍ፣ ድስት መክደን፤ እነዚህ ሁሉ እናቶቻችን የሚያውቋቸው ናቸው። የእኛ ድርሻ ዋጋቸውን በኪሎ ማሳየት ነው።

የምድጃው ጉዳይ የጤናም ጉዳይ መሆኑን ሳልናገር አላልፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። በደጋ፣ ለብርዱ ሲባል በር ዘግቶ ኩበት የሚያነድ ቤት ውስጥ፣ እናት ልጅ አዝላ ስትጋግር ጭሱ ለሁለቱም ይደርሳል።

ሁለተኛ፦ የጓሮው ዛፍ

ምድጃው ግማሹን ከመለሰ፣ ለቀሪው ግማሽ 700 ኪሎ ያህል እንጨት ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍ በመካከለኛ የደጋ መሬት ላይ በሄክታር በዓመት 10 ሜትር ኩብ ያህል ቢያድግ፣ ግማሽ ጥማድ ወይም 0.125 ሄክታር መሬት ይህን ይሸፍናል። ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ አገራችንን ከማገዶ ችግር የታደገው በዚህ ጠባዩ ነው።

ሆኖም የት እንደሚተከል መለየት ይገባል። በምንጭ ራስ፣ በጅረት ዳርና በገብስ ማሳ ድንበር ላይ መትከል ከጎረቤት ጋር ጠብ፣ ከሰብል ጋር ሽሚያ ያመጣል። ቦታው ለእርሻ የማይመች ተዳፋትና የተጎዳ መሬት ነው። በምንጩና በማሳው ድንበር ላይ ግን ኮርች፣ ኮሶ፣ ወይራ፣ ጥድና ዝግባ ይሻላሉ። ኮርች አገር በቀል ሆኖ ናይትሮጅንን ከአየር ወደ አፈር ያስገባል። ትሪ ሉሰርንም ደጋ የሚወድ፣ ናይትሮጅን የሚያስገባና ቅጠሉ ለከብት መኖ የሚሆን ተክል ነው፤ መኖ ሲኖር ከብቱ በበረት ይቆያል፤ በበረት ሲቆይ እበቱ ይሰበሰባል።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአረንጓዴ ዐሻራ ችግኝ እንተክላለን። ለቤተሰብ የምመክረው፣ ከቁጥሩ በፊት «ይህ ዛፍ ከዐሥር ዓመት በኋላ የየትኛውን እሳት ቦታ ይይዛል? የየትኛውን ምንጭ ይጠብቃል?» ብሎ መጠየቅን ነው። መልስ ያለው ችግኝ ውሃ የሚያጠጣው ሰው አያጣም።

ሦስተኛ፦ በረቱና አመዱ

ከእሳት ያዳነውን እበት ዝናብ ከወሰደብን ምንም አላተረፍንም። ክረምቱን ሜዳ ላይ የተከመረ እበት ናይትሮጅኑና ፖታሲየሙ እየታጠበ ወደ ቦይ ይወርዳል። ሌላው ብዙ የማይነገርለት ነገር ሽንት ነው። ከብት ከሚያስወጣው ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ በሽንቱ ውስጥ ነው፤ ያ በበረቱ ወለል ሰርጎ ይቀራል። የአርሲ ስንዴ በኮምባይን ከታጨደ በኋላ ገለባ አይጠፋም። ጥሩው ለመኖ ይሁን፤ ከብቱ ረግጦ የተወው ደግሞ በበረት ይነጠፍ። ሽንቱን ጠጥቶ ከእበቱ ጋር ተደባልቆ ሲወጣ ለኮምፖስት የሚፈለገው ድብልቅ በራሱ ይሠራል፤ ገለባ ካርቦኑን፣ እበትና ሽንት ናይትሮጅኑን ይሰጣሉ። ከዚያ በበጋ በጉድጓድ፣ በክረምት ጎርፍ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ከምሮ መክደን፣ በየሦስት ሳምንቱ ማገላበጥ ይበቃል።

አሁን ወደ አመዱ እንመለስ። ኩበት ማንደዱን ወዲያው ማቆም የማይችል ቤት ብዙ ነው። ያ ቤት ቢያንስ አመዱን ማዳን ይችላል፤ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በውስጡ አሉና። ከዚህም በላይ ከአገራችን የሚታረስ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጎዳ እንደሆነ ይገመታል፤ ዝናብ የሚበዛበት የአርሲ ደጋም ከተጎጂዎቹ አንዱ ነው። አመድ አሲድን ያረግባል። አንድ ሄክታር ለማከም ኖራ በቶን ስለሚያስፈልግ የአንድ ቤት አመድ ለማሳ አይበቃም፤ ለጓሮ ግን ይበቃል። ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አመድን ከትኩስ እበት ጋር አትደባልቁ፤ ናይትሮጅኑን ወደ አየር ያባርረዋል። ፌስታል የነደደበትን አመድም ወደ ጎመን አታስጠጉ።

አራት ያህል ከብትና በቅርብ ውሃ ያለው ቤት ባዮጋዝ ሊያስብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ኦሮሚያን ጨምሮ በአራት ክልሎች ጉድጓዶችን አስቆፍሯል። ባዮጋዝ እበቱን ለእሳትም ለማሳም ያደርሳል፤ ጋዙ ይነዳል፣ ናይትሮጅኑ በዝቃጩ ውስጥ ይቀራል። ነገር ግን ሁለት ችግሮቹን መሸሸግ አይገባም። ጋዝ አምጪዎቹ ባክቴሪያዎች በብርድ ይደክማሉ፤ ስለዚህ በደጋው ላይ የጋዙ መጠን ያንሳል። ጋዙም ለወጥና ለቡና ይመቻል እንጂ ለእንጀራ ምጣድ በቂ ሙቀት መስጠት ይቸግረዋል። እንግዲህ ባዮጋዝ የገባበት ቤትም ምርጥ ምድጃ ያስፈልገዋል።

የከተማው ቤትስ?

የአሰላ ነዋሪ «ይህ የገበሬ ጉዳይ ነው» ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ ኩበት ወደ ከተማ የሚጓዘው ገዢ ስላለው ነው። መብራት ያለው ቤት በኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጋግር በገጠር ያለ ማሳ ላይ ፍግ ይተርፋል። የኤሌክትሪክ ኃይላችን ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚመነጭ ነው፤ ከእኛ ብዙ ሳይርቅ በዋቤ ሸበሌ ላይ ያለው የመልካ ዋከና ግድብ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። የሚሞላውም ከባሌና ከአርሲ ተራሮች በሚወርድ ውሃ ነው። በተዳፋቱ ላይ ያለው አፈር ብስባሹን ካጣ፣ ጎርፍ ይዞት የሚሄደው ደለል ወደ ግድብና ወደ ሐይቅ ይገባል። ሃንስ ሁርኒ የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ተመራማሪ ከኢትዮጵያ ደጋ የእርሻ መሬት በዓመት በሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምቷል። ከካታር ወንዝ ጋር የሚወርደው ማረፊያው ዝዋይ ሐይቅ ነው። ሐይቁ ጥልቀቱ አነስተኛ ነውና ደለልን የሚሸከምበት ዐቅም የለውም።

ሁለተኛው የከተማ ጉዳይ ቆሻሻ ነው። በከተሞቻችን ከቤት ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው፤ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የጎመን ግንድ። ይህን ለብቻ መለየት ከሁሉ የሚቀልለው ሥራ ነው። ሳይለይ ሲከመር ምን እንደሚሆን በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ ላይ አይተናል፤ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ፌስታልን በተመለከተ ሕጉ ከእኛ ቀድሞ ሄዷል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ፣ የማይበሰብሱ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ማምረትና ማስገባትን ከልክሏል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ክልከላውን አስፍቶታል። ለቤተሰብ የቀረው ሥራ ሁለት ነው፤ ወደ ገበያ ዘንቢል ወይም የጨርቅ ቦርሳ ይዞ መሄድ፣ እንዲሁም እሳት ለማያያዝ ፌስታል አለመጠቀም። ይህ ሁለተኛው ልማድ በብዙ ቤት አለ። ጭሱ መርዛማ ነው፤ የሚተነፍሰውም ምድጃው አጠገብ ያለው ሰው ነው።

ውሳኔው የማን ነው?

እስካሁን «ቤተሰቡ» እያልኩ ተናገርኩ። ቤተሰብ ግን አንድ ሰው አይደለም። እበት የምትጠርገው፣ ኩበት የምትጠፈጥፈው፣ እንጨት የምትሸከመው፣ ጭስ የምትተነፍሰው በአብዛኛው ሴቷ ናት። የሬሳ ሣጥን ያህል ከባድ ሸክም ተሸክማ ከተራራ የምትወርደውም እርሷ ናት። በአንጻሩ ዛፍ የት እንደሚተከል፣ ገንዘብ በምን እንደሚውል የሚወስነው ብዙ ጊዜ ባል ነው። ምድጃ ለመግዛት የሚያስፈልገው ገንዘብ በአንዱ እጅ፣ የምድጃው ጥቅም በሌላው ጀርባ ላይ ነው። ብዙ ፕሮጀክቶች የሚሰናከሉት በዚህ ስንጥቅ ውስጥ ገብተው ነው።

አርሲ ለዚህ የራሷ ሀብት አላት። በአርሲ ኦሮሞ ባህል ሙሽራዋ በሠርጓ ቀን ከእናቷ የምትቀበለው የሲንቄ በትር የሴቶች መብትና ክብር መጠበቂያ ነው፤ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ሲወጡ ግፍን ያስቆማሉ፣ የተጣላን ያስታርቃሉ። ስለ ምድጃና ስለ ዛፍ የምንመክርበት ጉባኤ ይህንን ድምፅ ካልሰማ፣ ጉዳዩን ከሚያውቀው ሰው ውጭ እየመከርን ነው።

ለተማሪዎቻችን

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብትን፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የመጠበቅ የመንግሥትና የዜጎች ግዴታን ደንግጓል። ግዴታ የሚፈጸመው ግን በሚለካ ነገር ነው። ስለዚህ አንድ ሥራ እሰጣችኋለሁ። ለዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ የእጅ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። ለሰባት ቀን ወደ ምድጃው የሚገባውን እንጨት፣ ኩበትና ከሰል ለየብቻው መዝኑ፤ ስንት እንጀራ እንደተጋገረና ስንት ሰው እንደበላ መዝግቡ። ከእናታችሁ ጋር መዝኑ፤ ስለ እሳቱ ከእናንተ በላይ ታውቃለችና። እኔ በምሳሌ የተጠቀምኩበትን 3 ቶንና 1,460 ኪሎ በቤታችሁ ቁጥር ተኩት። ከሌሙ የመጣው ቁጥር ከአሰላው፣ ከደጋው የመጣው ከስምጥ ሸለቆው ዳር ይለያል። ያ ልዩነት ተሰብስቦ ሲመጣ ለየትኛው ቀበሌ መጀመሪያ ምድጃ፣ ለየትኛው ችግኝ፣ ለየትኛው የበረት ጣሪያ እንደሚያስፈልግ መናገር እንችላለን።

ምድጃ የሚሸጡ ማኅበራት፣ የችግኝ ጣቢያዎችና የግብርና ሠራተኞች በየወረዳው አሉ። የጎደለው በእነርሱና በማድቤቱ መካከል የሚቆም፣ ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ነው። ያ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል ብዬ አምናለሁ።